የምናሴ ስም

ባሕር አገራቸውን የዋጠባቸው የደሴት ሰዎች በሽሽት ሲጎርፉ መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። መጤ የሚገባው በሞተ ዜጋ ምትክ ብቻ ነው፤ የሟቹን ስም ይወርሳል፣ በራሱ ስም ግን ዳግመኛ ላይጠራ ይምላል።

የወይዘሮ ፈለቀች አንድያ ልጅ ምናሴ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው፣ ስሙን የወረሰ ወጣት ከቆርቆሮ አጥሯ ማዶ ቤት ተከራየ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ።

"የልጅሽን ስም ለብሶ ፊትሽ ሲመላለስ? ይውጣልኝ በይ እንጂ፣ እኛ ከኋላሽ ነን!" አሏት የእድሩ ዳኛ አቶ ዘርጋው።

"አገሩን ውሃ የበላበት ልጅ ምን ያድርግ? ሕጉን እሱ አላወጣው" አለች ጎረቤቷ ብርቄ።



አንድ ምሽት ሽሮዋን ከእሳት አውርዳ፣ ራሷን ረስታ እንደ ድሮዋ ተጣራች። "ምናሴ! ራት ቀርቧል!"

"አቤት፣ እማማ!"

ወጣቱ እጁን ታጥቦ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ ደጇ ላይ ቆመ።

ሂድልኝ ልትለው ፈለገች፤ ግን ራት የቀረበለትን ሰው ከደጅ መልሳ አታውቅም። አበላችው። በልቶ ሲያበቃ፣ "እናትህ ማን ብላ ነበር የምትጠራህ?" አለችው።

ዞሮ በሩን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራትና አለቀሰ።

በማግስቱ ራት ሲደርስ ፈለቀች ልትጠራው አጥሩ ሥር ቆመች። አንዱን ስም ሕግ ከልክሎታል፤ ሌላውን አንደበቷ እምቢ አላት። ቢጨንቃት፣ በያዘችው ማማሰያ ቆርቆሮውን አንኳኳች።