ከማዕዱ ላይ ያልተነሳው ኮክ

«ኮክ!» አለች የኦክሱን ባል እህት፣ ጣቷን ለሟች ወንድሟ መንፈስ ወደተዘረጋው የሙት ዓመት ማዕድ ቀስራ። «እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ እናንተ? ኮክ ካለበት የሙት መንፈስ ዝር እንደማይል ሕፃን እንኳ ያውቃል። ወንድሜ እንዳይመጣ የፈለገው ማነው?»

ኦክሱን ወደ ማዕዱ ዞረች። እውነትም ከባሏ ፎቶ ፊት፣ ከሩዝ ጠጁ አጠገብ፣ አንድ ኮክ ቁጭ ብሏል። ጠዋት ማዕዱን ስታሰናዳ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሳይታወቃት አስቀምጣው ይሆን? ዓመት ሙሉ «ሰክሮ የውሃ ጉድጓድ ገባ» እያለች ስታለቅስ ኖራ፣ ያ የገፈተረው እጇ ዛሬ ሊያጋልጣት ነው?

«እትዬ፣ ተሳስቼ ነው...» ብላ ልታነሳው እጇን ስትዘረጋ አማቷ ቀደሟት። አሮጊቷ ኮኩን አነሱት፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉትና መልሰው ከልጃቸው ፎቶ ጋር አስጠጉት።

«ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በቁሙ የደበደበን አንሶ ነው ደሞ በመንፈስ የሚመጣው?»

ሴት ልጃቸው በሩን ወርውራ ወጣች። አሮጊቷ ወደ ምራታቸው ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ያን ቀን አንቺ ገፍትረሽው ስትሮጪ፣ የባልዲውን ገመድ ይዞ እየወጣ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ።»