ኖር!

ጀውሃራ የአረጋውያን መጦሪያ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር የትምህርት ቤቱን አዳራሽ በር ቀስ ብላ ገፋችው። ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ፣ አንዱ የስደተኛ ልጆች ስለሚበዙበት «የጥቁር»፣ ሌላው «የነጭ» ይባሉ የነበሩት ሁለት ትምህርት ቤቶች የተቀላቀሉበት አምስተኛ ዓመት እየተከበረ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ትዝ አላት። ልጇ ኑስራ፣ ቤት እንደለመደችው፣ ለገባ ትልቅ ሰው «ኖር» ብላ ብትነሳ ክፍሉ በሙሉ ስቆባት፣ «እማ፣ ሁለተኛ አልነሳም» እያለች አልቅሳ ነበር የመጣችው።

አሁን ኑስራ ከፊት ወንበር ዞር ስትል እናቷን አየችና ብድግ አለች። አጠገቧ የነበረችው ባለ ወርቃማ ጸጉር ልጅ ተከተለቻት፤ ከዚያ ወንበሩ ሁሉ እየተንኳኳ ሁሉም ተነሱ።

«ኖር!» አሉ ልጆቹ እየተኮላተፉ።

ጀውሃራ የምትገባበት ጠፋት። «ኧረ በአላህ፣ ቁጭ በሉ!» አለች፣ በአማርኛ አምልጧት።

ማንም ሳይተረጉምላቸው ሁሉም ቁጭ አሉ።