የረጀብ ሳሙና

ኸድራ የወቀጠችውን እንዶድ በቅል ይዛ ከአሶሳ በታች ወዳለው ወንዝ ስትወርድ፣ ጣውንቷ ኢቲዳል የባላቸውን የረጀብን ጀለብያ በሳሙና ስታሽ አገኘቻት። ነጩ አረፋ እስከ ክርኗ ደርሷል። ሳሙና ከሱዳን በግመል ተጭኖ የሚመጣ፣ በወርቅ ብናኝ የሚገዛ ነገር ነበር። ኸድራ ይህ ወጪ ለቤቱ ይትረፍ ብላ፣ ካገባች ጀምሮ እንዶድ ከየጫካው ስትለቅምና ስትወቅጥ ኖራለች። አንድም ቀን ባሏን «ሳሙና ግዛልኝ» ብላው አታውቅም።

«ማን ሰጠሽ?» አለቻት፣ ቅሉን መሬት አስቀምጣ።

«ረጀብ ነው፣ እህቴ። እንዶዱ እጄን ሲልጠው አየና አዘነልኝ።»

ከሳሙናው ይልቅ «አየና» የምትለዋ ቃል የኸድራን አንጀት አቃጠለችው። ሳታስበው እጆቿን ልብሷ ውስጥ ደበቀች። ኢቲዳል ግን ተነስታ መጣችና ጎትታ አወጣቻቸው። የኸድራ መዳፎች ተሰነጣጥቀዋል፤ በጣቶቿ መሀል ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል።

«ወላሂ፣ ያንቺማ ከኔም ይብሳል!» አለች ኢቲዳል። ሳሙናውንም መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

ኸድራ ወንዙ ውስጥ ልትወረውረው እጇን አነሳች። ቅናቷ አልበረደም፤ ይህችን ልጅ መውደድም አልፈለገችም። ሳሙናውን ግን አልጣለችውም። የረጀብን ጀለብያ ሳይለቀለቅ ድንጋዩ ላይ ትታ፣ ካመጣችው ልብስ መሀል የራሷን ቀሚስ አወጣች፤ አረፋው መሬት ላይ እስኪፈስ ድረስም አሸችው።