ጋሼ ኢብሮ ኪራይ ያስወደዱባት ጎጆ

«አራት ብር?! ለዚች ጎጆ?!»

የሺ ጮኸች።

«አዎ፣ አራት ጠገራ» አሉ ጋሼ ኢብሮ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩአት።

«ባለፈው ወር ሁለት ነው ያሉኝ!»

«ያኔ ሁለት ነበር... አሁን አራት ሆኗል።»

የሺ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻቸውን ሁለት ብሮች ጨበጠቻቸው። እንባዋ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ዘመኑ የጣሊያን ነው። የሺንና ባሏን ገብረሚካኤልን ደጋ ላይ፣ ከጣርማ በር ማዶ ጣሊያኖች ቤታቸውን አቃጠሉባቸው። የስድስት ወር ልጃቸውን አበራሽን አዝለው ወደ ሸዋ ሮቢት ወረዱ።

ገብረሚካኤል መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ፈላጭ ሆኖ ተቀጠረ። ቤቱን ላቃጠሉበት ሰዎች መንገድ መሥራት አንጀቱን ያሳርረዋል... ግን ልጅ አለችው፣ ምን ያድርግ?

ማደሪያ ሲያፈላልጉ ጋሼ ኢብሮ ሁለት ባዶ ጎጆ እንዳላቸው ሰሙ።

አንዷ ወንዙ ዳር ናት። ከመንገድ ሥራው ቦታ ሆነው ቢጣሩ እዚያ ይሰማል። ኪራይዋ በወር ሁለት ጠገራ ብር።

ሌላዋ ዳገቱ ላይ፣ ከጋሼ ኢብሮ ከራሳቸው አጥር አጠገብ ናት። ሁለት ሰዓት በእግር። ኪራይዋ በወር አንድ ቁና ማሽላ!

ለሥራ ቅርብ ውድ፣ ሩቅ ርካሽ... ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆሙ ልጆች ይሄን ሒሳብ ታውቁታላችሁ።

አቅም የለምና የላይኛዋን ያዙ።

ገብረሚካኤል በዶሮ ጩኸት ተነሥቶ ይወርዳል። ስም ሲጠራ ያልደረሰ ለዚያ ቀን ይባረራል፣ የዕለት ደመወዙም ይቀራል። ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ይደማል። ማታ ሲገባ ልጁን ሳያቅፍ እንቅልፍ ይጥለዋል።

የሺ ይሄን አይታ ማለች።

«ማርያምን! ያቺን የወንዝ ዳር ጎጆ ካልያዝኩ የሺ አይደለሁም!»

ጥጥ መፍተል ጀመረች። አበራሽ ስትተኛ ትፈትላለች፣ አበራሽ ስታለቅስም አዝላ ትፈትላለች። ፈትሉን ገበያ አውጥታ ሁለት ብር አጠራቀመች።

ይዛ በሄደችበት ቀን ነው እንግዲህ «አራት» የተባለችው።

ንዴቷ ገነፈለ።

«ጋሼ ኢብሮ፣ እውነቱን ይንገሩኝ! ክርስቲያን አጠገብዎ እንዲኖር አይፈልጉም፣ አይደል?»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አስተግፊሩላህ...» አሉና በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

አያችሁልኝ? የምትኖረው እኮ ከሰውዬው አጥር ጥግ ነው! ሰው ሲናደድ ግን ይሄ የት ይታየዋል...

ሌላም ያላስተዋለችው ነገር ነበር። ጋሼ ኢብሮ እርሻቸው ቆላው ላይ ነው። ሆኖም ፀሐይ ሳትጠልቅ ከብቶቻቸውን እየነዱ በየቀኑ ያንኑ ዳገት ይወጣሉ። በዚያ ዕድሜያቸው! አገሬው በሙሉ እንዲሁ ቆላ ውሎ ዳገቱ ላይ ያድራል።

የሺ «ቤታቸውን ሊጠብቁ ነው» ብላ አለፈችው።

እልኳ ግን አልበረደም። ክረምቱን ሙሉ ፈተለች። መስከረም ሲያልቅ አራቱን ብር ይዛ ወረደች።

ጋሼ ኢብሮን ወንዝ ዳሯ ጎጆ ውስጥ ጥጥ ሲከምሩ አገኘቻቸው።

«ይኸው አራት ብር!»

ብሩን አዩት።

«አንቺ ልጅ... ምን ዓይነት ልብ ነው አላህ የሰጠሽ? ነይ ተከተይኝ።»

ከጎጆዋ ጀርባ ወሰዷት።

ድንጋይ የተከመረባቸው ሦስት መቃብሮች... አንዷ ትንሽዬ ናት።

«ይልማ ይባላል፣ ይቺ ሚስቱ፣ ይቺ ልጃቸው። እንደ እናንተ ከደጋ የመጡ ናቸው። ከክረምት በኋላ እዚህ ንዳድ ይነሣል፣ ቀን ዋሉ እንጂ አትደሩ ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ። 'ለሥራ ቅርብ ናት፣ ኪራይዋም ርካሽ ነው' አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ...»

ከትንሿ መቃብር የተንከባለለ ድንጋይ አንሥተው ቦታው መለሱ።

«ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚሸከምልኝ ጤነኛ ሰው አጣሁ። በዚህ እጄ ቀበርኳቸው።»

ንዳድ ዛሬ ወባ የምንለው ነው።

የሺ «ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ስለ ንዳድ ሲነግሩት የሚስቅ ሰው፣ ኪራይ ሲወደድበት ግን ይመለሳል ብዬ ነዋ! አንቺ ወላሂ የማትመለሺ ሆንሽብኝ። ዛሬ ስድስት ልልሽ ነበር።»

የሺ ጉልበታቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች።

«ያን ቀን የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ...»

«ተነሽ ልጄ። ትንሿ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ። በይ ሳይመሽ ዳገቱን ውጪ።»

በዚያ ወር መንገድ ሠራተኞች ከሰፈሩባቸው የወንዝ ዳር ጎጆዎች ስንት ሰው በቃሬዛ ወጣ! አበራሽን ግን ትኩሳት አልነካትም።

የሺ በፈትሏ ብር ለገብረሚካኤል ወፍራም የቆዳ ጫማ አሠራችለት። ዳገቱን እንደ ፍየል ይወጣው ጀመር።

በዓመቱ የሺ ወንዝ ዳሯ ጎጆ ውስጥ ለጋሼ ኢብሮ ጥጥ ስትለቅም፣ ከደጋ የመጡ ባልና ሚስት ሕፃን አዝለው በሩ ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ይቺ ጎጆ ትከራያለች?»

የሺ ሕፃኑን አየችው።

«ትከራያለች።»

«ስንት ናት?»

«ስምንት ብር!»

ሰውየው አማተበ።

«ዳገቱ ላይ ግን፣ ከእኛ አጠገብ፣ ጋሼ ኢብሮ አዲስ የሠሯት፣ አንድ ቁና ማሽላ ብቻ የሚጠየቅባት አለች... ኑ ላሳያችሁ።»

ጋሼ ኢብሮ ከጥጡ ክምር ኋላ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ወዳጆቼ... ቤት ስንፈልግ ኪራዩንና መንገዱን እንጠይቃለን፤ ጥሩ ነው። ግን አገሬው የት እንደሚያድርም እንይ። መንገድ የዘጋብንን ሰው ከመርገማችን በፊት ደግሞ ለምን እንደዘጋው እንጠይቀው።

እናንተስ? ጨካኝ ነው ብላችሁ ያማችሁት፣ ኋላ ግን ሲጠብቃችሁ እንደነበር የገባችሁ ሰው አለ? ስሙን ከታች ጻፉለት... በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉለት።