ተማሪዋ ባለችበት

ፈቃድ ያለው የመኪና አሠልጣኝ ነው፤ ፍሬን መርገጥ ስለሚያበዛ ተማሪዎቹ «አባ ፍሬን» ይሉታል። የማሠልጠኛዋ መኪና ሁለት ረድፍ ፔዳል አላት፤ ተማሪው በመሪው በኩል ሲረግጥ፣ በእሱም እግር ሥር ያለው አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ተማሪዎቹን ከመልካቸው ይልቅ በአረጋገጣቸው ያውቃቸዋል።

በጠራራ ፀሐይ ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በአሠልጣኙ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ አንድ ጠበቃ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ።»

ለአንድ ሰው «አስፈታኋችሁ» ምን የሚሉት አነጋገር ነው ብሎ አባ ፍሬን ገና ከጅምሩ ጠረጠረው።

ጠበቃው የመጣው የአንዲት ተማሪን ፋይል ፈልጎ ነበር፤ የላከው ባሏ ነው። ሴትዮዋ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ሁሌም ግማሽ ላይ ቆም የምትል ፈሪ ነበረች። ለመጨረሻ ጊዜ ስትወርድ፣ «ጋሼ፣ አደራዎን፣ እዚህ መምጣቴን ለባሌ እንዳይነግሩብኝ» ብላው ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል።

«የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘዋል?»

«እሱ ይደርሳል። ለጊዜው መቼ መቼ እንደመጣች ብቻ ይንገሩኝ።»

«የተማሪ ምስጢር ነው። ያለ ትእዛዝ ለወንድሜም ትንፍሽ አልልም!»

ጠበቃው አልተቆጣም። በአገጩ ወደ መሪው በኩል ጠቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምስጢር ከሆነማ መጀመሪያውንም ልጅቷ ባለችበት ማውራት አልነበረብንም። እሷ ትውረድና እንነጋገር።»

አባ ፍሬን ዞሮ አላየም። በግራ እግሩ ሥር ፍሪሲዮኑ ወረደ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሄደ።