ሾርባ ቀጂው

አስተናጋጁ ጭልፋውን ሾርባ ሞልቶ ከአቶ ሳንያል ሳህን በላይ እንደያዘ ቀጥ አለ። አይቀዳም፣ አይመልስም።

«ምነው ወንድሜ፣ ጸሎት ጀመርክ እንዴ?» አሉ አቶ ሳንያል። «እኛ እኮ ርቦናል!»

«ትንሽ ይታገሡኝ ጌታዬ።»

ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሚናቲ ዞር ብላ ባሏን አየችው። እሱ በመስኮቱ የሩዙን ማሳ ያያል፤ ግን የቀኝ እግሩ ተረከዝ ቀስ ብሎ ከወለሉ ተነሣ። የአስተናጋጁን እግር አየች። የሱም ተነሥቷል። ወዲያው ባቡሩ ሐዲድ ሲቀይር ተንገጫገጨ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ የወይዘሮ ሳንያል መነጽር አፍንጫቸው ጫፍ ድረስ ወረደ። ሲረጋጋ ሰውየው ተረከዙን አሳረፈና ቀዳ። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም።

ሚናቲ ዛሬ አፏን እንደከፈተች ነው የዋለችው። የተሳፈሩበት ሃውራ ጣቢያ ሠራተኞች ቲኬቱን ሲያዩ በር ተከፍቶላቸው፣ ቀዝቃዛ አየር ያለበት ማረፊያ ክፍል ገብተው፣ ሰውን በሚውጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሻይና ጣፋጭ ቀረበላቸው። «ከቲኬቱ ጋር ነው እናቴ፣ አይከፈልም» ሲሏት አላመነችም፤ ሁለቴ ጠየቀች። ባቡሩ ውስጥ ደግሞ ከካውያ የወጣ የሚመስል አንሶላ፣ በሸክላ ስኒ ሻይ፣ ትኩስ ሳምቡሳ፣ አሁን ደግሞ ሾርባ። ግብዣው የአቶ ሳንያል ነው። የልጇን የሩማን ሠርግ ቀን ለመቁረጥ አራቱም ወላጆች፣ ሙሽራው የሳንያሎች ልጅ ወደሚሠራበት ወደ ዴልሂ እየሄዱ ነው። «እርስዎ የባቡር ሰው ነዎት፣ በባቡር እንሂድ» ብለው ነው ቲኬቱን የቆረጡት።

የባቡር ሰው። ይህን ያመጣችው ራሷ ሚናቲ ናት። የጋብቻው ወሬ ሲጀመር «የሩማ አባት ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው ቢጠይቋት፣ የሳንያሎችን ትልቅ ሳሎን ዙሪያውን አየችና «ባቡር መሥሪያ ቤት፣ ቢሮ» አለች። ቢሮ! ሠላሳ አራት ዓመት በዚሁ መስመር ምግብ ሲያቀርብ የኖረ ሰው ነው። እቤት ገብታ «አፍህን ዝጋ፤ የልጅህን ትዳር እንዳታፈርስ» አለችው። እሱም ዘጋ።

«ግሩም ነው እኮ! ማን ነው ይህን ያስተማረህ?» አሉ አቶ ሳንያል።

«አለቃዬ ናቸው ጌታዬ። እሳቸውን ያስተማሩት ሀራዳን የሚባሉ ናቸው፤ እኔ አልደረስኩባቸውም። ከዚህ እስከ ዴልሂ ያለውን መንገድ በእግራቸው ያውቁት ነበር ይባላል፤ የት እንደሚያናውጥ፣ የት እንደሚታጠፍ። አዲስ ሰው ሾርባ ሲደፋ ‹ሀራዳን ባዩህ!› እንለዋለን።»

አቶ ሳንያል ከት ብለው ሳቁ። «ሞክሼዎን አገኘንልዎት፣ አቶ ሀራዳን!»

«ስንቱ ሀራዳን አለ» አለ ባሏ፣ ከመስኮቱ ሳይዞር።

ሚናቲ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። እግሩ አብጦ ሲመጣ ጨው ባለበት ሙቅ ውኃ ስትዘፈዝፍለት፣ «ሳህን ለመሸከም ይህን ያህል!» ትለው ነበር። ሲቀዳ አይታው አታውቅም።

«ሞክሼው አይደለም» አለች። «እሱ ነው።»

«እሱ ማን?» አሉ ወይዘሮ ሳንያል።

«ሀራዳን።»

በሠላሳ ዓመት ትዳር የባሏ ስም ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ወይዘሮ ሳንያል አፋቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ በወጉ ያደገች ሴት የባሏን ስም አትጠራማ።

«የሩማ እናት!» አለ ባሏ ደንግጦ።

«ተወኝ፣ ልናገር! ቢሮ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሱ እዚህ ባቡር ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሾርባ ቀድቷል። ሠርጉን ከተዋችሁትም ተዉት። አጠገቤ ተቀምጦ ሌላ ሰው ነው ሲባል ግን ዝም አልልም።»

አስተናጋጁ ድስቱን እንዳቀፈ የሚያይበት ጠፋው። አቶ ሳንያል ወደ ሀራዳን ጠጋ ብለው ፊቱን አዩት።

«በዚህ መስመር ሃያ ዓመት ለሥራ ተመላልሻለሁ» አሉ። «ከእጅዎ ጠጥቼ ይሆን?»

«ጠጥተዋል። ቁንዶ በርበሬ ያበዛሉ፤ ዳቦውን አይወዱትም፣ አጠገብዎ ላለው ሰው ይሰጣሉ። ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጊዜ ለሁላችንም ጣፋጭ አድለዋል።»

«ታዲያ እኔ እንዴት አላወቅሁዎትም?»

«ጋዜጣ ያነቡ ነበር።»

ቅሬታ የለበትም አነጋገሩ፤ እንደ ነበረው ነው የነገራቸው። የአቶ ሳንያል ጆሮ ግን ቀላ። ብድግ አሉና እጃቸውን ወደ አስተናጋጁ ዘረጉ።

«ጭልፋውን አምጣ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ እያለሁ…»

«አምጣ አልኩህ!»

ምላሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ በሁለት እጃቸው ለሀራዳን ቀዱለት። ግማሹ ሳህኑ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ነጩ ልብስ ላይ ፈሰሰ።

«ወይ ጉድ!» አሉ ወይዘሮ ሳንያል፣ አፋቸውን ገልጠው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ጠጥተው አንድ ጭልፋ መቅዳት ያቅትዎት? በልጆቹ ሠርግ ዕለት ወደ ድስቱ ዝር እንዳይሉ!»

የሀራዳን እጅ ሳያዘው ወደ መጥረጊያው ጨርቅ ሄደ። ሚናቲ አንጓውን ያዘችው።

«ተው» አለችው በሹክሹክታ።

ያኔ ነው ልብ ያለችው፤ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሶፋው ላይም፣ እዚህም፣ አሁን ለሥራ ይጠሩኛል እንደሚል ሰው የወንበር ጫፍ ላይ ነው ተቀምጦ የዋለው። እጁን ሳትለቅ ጠበቀች። ጀርባውን ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሰደደ፣ ሰደደና ድጋፉ ላይ ጣለው። ቀዩ ሾርባ በነጩ ልብስ ላይ እየሰፋ ሄደ፤ አንድም የሚጠርገው አልተነሣም።