የቁመት ክር

የአሮጊቷ ልጅ ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ከቀረች ስድስት ዓመት ሆነ። ወንዙ ዳር የተገኘው ጄሪካኗ ብቻ ነበር። አገሬው ገደል ለገደል ፈልጎ ሲያጣ አልቅሶ ተወ። የልጅቷ ባል አሁንም ይደበድባት የነበረበትን ያንኑ ዱላውን ይዞ እየመጣ፣ "ወሬ የለም?" ይላል። አሮጊቷ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው ሲያጽናናቸው ፊታቸውን ስለሚሸፍኑ፣ አሁን አሁን የሚጠይቃቸውም የለም።

በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ፣ ያኔ ጡት ያልጣለችውን የልጅ ልጃቸውን ከግድግዳ አስደግፈው ቁመቷን በክር ይለካሉ።

"እማማ፣ እናቴ ሞታለች?"

"እንጃ ልጄ። ቀጥ በይ።"

ዘንድሮም ክሩን ጠቅልለው ገበያ ወረዱ። ከከተማ ጨው ለሚያመጣው ሾፌር አቀበሉት። ሰውዬው ግራ ቀኙን አይቶ ኪሱ ከተተው።

"ልጅዎ የአምናውን እስካሁን ካንገቷ አልፈታችውም" አላቸው።